በኦቦ ቱፋ አጥር ውስጥ የደበቅኩት ሳጥን

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቤዛ ናት፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ከስልክ ወሬ ይልቅ መጻፍ እንደምወድ ስለምታውቅ አትደውልልኝም፤ ከደወለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«ዛሬ እረፍት ወስጄ የሱሉልታውን ሳጥንሽን ልፈልግ ሄጄ ነበር» አለችኝ።

«አገኘሽው?»

«እኔ ሳጥኑን ሳላገኝ ሰዎቹ እኔን አገኙኝ።»

ስልኳን ይዛ በአንድ የድንጋይ አጥር ጥግ ወዲያና ወዲህ እርምጃ ስትቆጥር ሦስት ሰዎች ከበቧት። «ለማን ነው የምትለኪው?» አሏት። መሬት የምትለካ መስሏቸው ነው። የአጥሩ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ከቤት ተጠርተው ወጡ፤ ለማንም መሬት እንዳልሸጡ ማሉ። አንዲት ጎረቤታቸው ግን የእጅ ስልካቸውን አውጥተው ሰው የላከላቸውን የአጥሩንና የበሩን ፎቶ አሳዩና «ታዲያ ግቢህ ኢንተርኔት ላይ ከነካርታው ምን ይሠራል?» ሲሉ ሰውየው ፎቶውን ደጋግመው ያዩ ጀመር። ቤዛም ማስረዳት አቅቷት የመጣውን ታክሲ ይዛ ሄደች።

«አንሺው» አለችኝ። «ሽማግሌው በሰፈሩ ፊት ተዋረዱ። ዓይናቸው ከፊቴ አልጠፋም።»

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ፤ እኛ በቡድናችን «ሳጥን ፍለጋ» እንለዋለን። አንዱ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን ይደብቅና ያለበትን ነጥብ በመተግበሪያው ካርታ ላይ ያሰፍራል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኘው በውስጡ ባለው ደብተር ላይ ቅጽል ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ሽልማቱ ማግኘቱ ብቻ ነው።

እኔ ሦስት ሳጥኖች አሉኝ፤ አንዱ በምኖርባት በሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። ሦስቱንም በእጄ ነው ያዘጋጀኋቸው፤ ደብተሮቻቸውንም ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰው እነዚህን ከተሞች በታክሲ መስኮት አይቷቸው ያልፋል። ወርዶ፣ ቆም ብሎ፣ የወጨጫን ተራራ ወይም የሱሉልታን ሜዳ እንዲያይ ምክንያት የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ እኮራለሁ። በአፌ ግን ለማንም ብዬው አላውቅም። ዓይናፋር ነኝ፤ ጨዋታውን የወደድኩትም ማንንም ሳያናግሩ የሚጫወቱት ስለሆነ ነው። በመተግበሪያው ላይ ስሜ «ጉንዳን» ነው። ፎቶዬን አላወጣሁም። እውነተኛ ስሜን እዚህም አልጽፍም።

የሱሉልታውን ሳጥን የደበቅኩት በዚያ አጥር ስንጥቅ ውስጥ፣ በመንገዱ በኩል ነበር። ሳስመዘግብ መተግበሪያው «የቦታው ባለቤት ፈቅደዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰውየው በር አሥር እርምጃ አይርቅም። ማንኳኳት ፈራሁ። «አጥሩ መንገድ ዳር ነው፤ መንገድ ደግሞ የሁሉም ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩና «አዎ» የሚለውን ነካሁ። እኔ በፋብሪካ የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ያልመረመርኩት ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ፈረምኩ።

የኛ አካባቢ ደግሞ ከተማው እየሰፋ እርሻውን የበላበት አገር ነው። እዚህ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው እንግዳ አይደለም፤ መርዶ ነው። ይህን እያወቅሁ ሰዎችን ስልክ አስይዤ ወደ ሽማግሌው አጥር መላኬ ያን ምሽት ነው የገባኝ።

ዓርብ ከሥራ መልስ የመተግበሪያው ከፋይ፣ የፕሪሚየም አባል ሆንኩ። ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ ካርድ ያለው የቡድናችን አባል አስገባልኝ። ሌላው ሰው ይህን አባልነት የሚፈልገው ያለ ኔትወርክ ለሚከፈተው ካርታ ነው፤ እኔ የፈለግሁት ለመደበቅ ነበር። አሁን የሳጥኔን ገጽ ማየት የሚችሉት የከፈሉ አባላት ብቻ ናቸው። ገጹን ማን እንደከፈተ የሚያሳይ የስም ዝርዝርም አለ። የሄድኩባቸውን ቦታዎች ከሌላ ሰው ዓይን መሸፈን እችላለሁ። የሦስቱንም ሳጥኖች ገጽ አንድ በአንድ ዘጋሁ፤ አንድ ጎብኚ ለጥፎት የነበረውን የበሩን ፎቶም አጠፋሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ቆጠርኩ። ከዚያ ፎቶው በሴትዮዋ ስልክ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ገጽ ለመዝጋት አንድ ጣት ይበቃል። ያጎደፍኩትን የሰው ስም ለማንጻት ግን መሄድ ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሰበታ

ከቤቴ ስወጣ የመጀመሪያው ሳጥኔ አጠገብ አለፍኩ። ከተከራየሁበት ግቢ ሲቆጠር ሦስተኛው ጎረቤት በር ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ካለ የላላ ድንጋይ ጀርባ ነው ያለው። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ደረቅ ነው። የዚያ ግቢ ሰዎች እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ሁለት ዓመት በበራቸው አልፌያለሁ። ዛሬም ታክሲው ሳይሞላ ልድረስ ብዬ አለፍኩ።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዊንጌት፣ ከዊንጌት በአስኮ በኩል ቡራዩ፤ ሦስት ታክሲ ነው። ወደ ሱሉልታ ለሚሄድ ሰው ቡራዩ መንገዱ አይደለም። «ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ ልቆጣጠር» ብዬ ነው ለራሴ ምክንያት የሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር ሱሉልታ የምደርስበትን ሰዓት እያራዘምኩ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ቡራዩ

የቡራዩው ሳጥን ትንሽ ነው፤ ማግኔት አለው። በአምቦ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ፊት ለፊት፣ ካረጀ የማስታወቂያ ብረት ሥር ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። ድንጋይ የጫኑ ሲኖትራኮች ሲያልፉ ብረቱ ይንቀጠቀጣል። ሰው እስኪያልፍ ጠብቄ እጄን ሰደድኩ። ባዶ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የለም።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ! አንቺ የምትመጪው የወሩ መጀመሪያ እሑድ አይደለም እንዴ?»

ጎማ የሚያስተካክሉት ጋሽ መርዕድ ናቸው። ስማቸውን ያወቅሁት በዚህ ቀን ነው። እጃቸው ጥቁር በጥቁር፣ በቀበቷቸው ላይ ጨርቅ ሰክተው ቆመዋል። ከማያውቁኝ የኢንተርኔት ሰዎች ስሸሸግ ኖሬያለሁ፤ እኚህ ሰው ግን የምመጣበትን ቀን በቃላቸው ይዘውታል።

«ብረቱን ሊነቅሉ ነው ሲሉ ሰምቼ ወደ ውስጥ አስገባሁልሽ» አሉና ከመሳሪያ ሳጥናቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። በጠርዙ ዙሪያ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቀጭን ክር ተለጥፎበታል። ክረምቱን ሙሉ ደብተሩ ሳይርስ እንዴት እንደቆየ ስገረም ነበር፤ የራሴ የሙጫ ሥራ መስሎኝም ኮርቼበታለሁ።

«እርስዎ ነዎት ያደረጉት?»

«ውኃ እያስገባ ነበራ! መጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤ ማስቀመጫ መሰለኝ። ‹ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ቀንና ስም ብቻ ነው የሚጽፍላት› እያልኩ ለሚስቴ ሁሉ አወራሁላት።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቆረጥ አድርገው፣ «ምነው አልነገርሽኝም?» አሉ።

«አፍሬ ነው።»

«እኔም ምስጢር ከሆነ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለታችንም አንድ ብረት ስንጠብቅ ከረምን።»

ያኔ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የሱሉልታውን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እጃቸውን በጨርቁ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«በባዶ እጅ አትሂጂ» አሉ። «ደግሞ ሰውየውን ለብቻቸው ጠርተሽ እንዳታንሾካሹኪ። በአደባባይ የጎደፈ ስም በጓዳ አይጠራም። ጎረቤቱ እየሰማ ነው የምትናገሪው፣ ልጄ።»

ከሁሉም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛሁ። የቀኑ የታክሲ ሒሳብ ሁሉ ቢደመር የስኳሩን ዋጋ አያህልም። ጋሽ መርዕድም ሳጥኔን መልሰው ተቀበሉኝና «ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ለማይጠይቀኝ ጎማ እነፋለሁ» አሉ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ረዳቱ «ሱሉልታ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ ወንበሩ ግማሽ አልሞላም። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴት «አንዱ ሰው መቼ ነው የሚወለደው?» ሲሉት ታክሲው ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ሽቅብ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሃል ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ያ ሰፊ ሜዳ ተዘረጋ። የድርቆሽ ክምር፣ ላሞች፣ በመንገዱ ጠርዝ ተከታትለው የሚሮጡ አትሌቶች። ነፋሱ በመስኮት ሲገባ ይቀዘቅዛል። ሳጥን ለመደበቅ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ያስቆመኝ ይህ ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ ይየው ብዬ ነበር።

ከሰፈሩ መግቢያ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ወረድኩ። የሽማግሌውን በር አንድ ጊዜ አለፍኩት። ተመለስኩ፤ ደግሜ አለፍኩት። ሦስተኛውን ላልፍ ስል ከጎረቤት ግቢ ድምፅ መጣ።

«ኦቦ ቱፋ! ኦቦ ቱፋ! ሌላዋ መጣች! ይቺ ደግሞ ተሸክማ ነው የመጣችው!»

አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ፎቶውን ያሳዩት ጎረቤት። ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው እጃቸውን አጥራቸው ላይ አሳርፈዋል። ከወፍጮ የሚመለሱ ሁለት ሴቶችና አንድ ድርቆሽ የጫነ ሰውም ቆሙ። ኦቦ ቱፋ ወጡ። ረዘም ያሉ ናቸው፤ ግራጫ ካፖርት ደርበዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል።

«አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ!»

«ነጋ» አሉ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። «ለመለካት ነው?»

ሁሉም ያዩኛል። የጋሽ መርዕድን ቃል አሰብኩ። ወደ ግቢ እንግባ ማለት እችል ነበር፤ ሰውየውም ይፈቅዱ ነበር። አልገባሁም።

«አይደለም» አልኩ፤ አዴ ጫልቱ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ። «ሐሙስ የመጣችው ልጅም መሬት አልለካችም። ከእሷ በፊት የመጡትም አልለኩም። ሁሉንም የላክኋቸው እኔ ነኝ። እዚህ አጥር ውስጥ ዕቃ ደብቄያለሁ፤ ኦቦ ቱፋ አያውቁም። መሬት አልሸጡም፤ ከእኔ ጋር ተነጋግረውም አያውቁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሄጄ ከስንጥቁ ውስጥ ድንጋዩን ፈነቀልኩ፤ ሳጥኑን አወጣሁ። አረንጓዴ ነው፣ የምሳ ዕቃ ያህላል። ድርቆሽ የጫነው ሰው አህያውን ትቶ ተጠጋ። ከፈትኩት፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ የብይ ጠጠር፣ አንድ ቁልፍ መያዣ፣ ሁለት አዝራር።

«ይሄው ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ለሁለት አዝራር ነው ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣው?»

«አዎ።»

«ውሸት ብትፈልጊ ከዚህ የተሻለ ታገኚ ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ። ኦቦ ቱፋ አልሳቁም። የአጥሩን ድንጋይ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ይህን አጥር የካበው አባቴ ነው» አሉ። «አንቺ ለማያውቁኝ ሁሉ ነግረሽ ከእኔ ደበቅሽ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሳጥኑን ዛሬውኑ ይዤው እንደምሄድ ነገርኳቸው።

አዴ ጫልቱ ግን ደብተሩን ከእጄ ወስደው ያገላብጡ ነበር። «ምን ይላል? መነጽሬ ቤት ነው፤ አንብቢልኝ።» በሰው ፊት ጮክ ብዬ ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዩኒቨርሲቲ ተራዬ ሲደርስ እንኳ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አነበብኩ። አንዱ ስለ ነፋሱ ጽፏል፤ አንዱ ስለ ላሞቹ። «ሜዳውን እያየሁ ምሳዬን በላሁ፤ ወደ ቤት መሄድ አስጠላኝ» ይላል ሌላው። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሳጥኑን ሳላገኝ ደክሞኝ ቁጭ ስል ከጎረቤት አንዲት እናት ውኃ አመጡልኝ። ከየት እንደመጣሁ እንኳ አልጠየቁኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።»

«ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው!» ብለው ጮኹ አዴ ጫልቱ። «ጽፋኛለች? እኔን?» ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩ። ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረው በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። ሁሉን አልያዝኩትም፤ ግን ድምፃቸው ከቅድሙ ድምፅ ሌላ ነበር። በመጨረሻ በአማርኛ፣ ለቆሙት ሁሉ፣ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መሬት ሸጠ ያልኩት ውሸት ነው» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ። «ያን የበር ፎቶ የቱን ተጭኜ ነው የማጠፋው?» አሳየኋቸው፤ በራሳቸው ጣት አጠፉት።

ኦቦ ቱፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ነይ ተቀመጪ። ስኳሩንና ዳቦውን ተቀበሉኝ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ስለ ፕሪሚየም አባልነቱም ነገርኳቸው።

«ከፍለሽ የገዛሽው ነገር ምን ያደርግልሻል?»

«ገጹን ሁሉም ሰው እንዳያየው ያደርጋል። ማን እንዳየውም ዝርዝር ያመጣልኛል።»

«ማን እንዳየ? ይህንማ እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በነፃ አያለሁ። ስማቸውን ያመጣልሻል?»

«ቅጽል ስማቸውን።»

«እኔ ፊታቸውን አያለሁ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሳጥኑን ወደ ቦርሳዬ ላስገባ ስል በዱላቸው ጫፍ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «የት ትወስጂዋለሽ? ይግባ። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ይቀመጥ። የሚፈልግ ሰው በሩን አንኳኩቶ ሰላም ይበል። ሰላም ላለ ሰው እሰጣለሁ። በሬን ፎቶ እንዳያነሱ። ካርታሽ ላይም ቤቴን አታድርጊ።»

በካርታው ላይ ያለውን ነጥብ እዚያው ሆኜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰድኩት። ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ መንገዱን የሚያሳየው ስልክ ሳይሆን ሰው ነው።

«አቲ ኢንተለ ኤኙቲ?» አሉኝ ስነሣ። የማን ልጅ ነሽ? ደብተሩን ገልጠው እርሳሱን ሰጡኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ባለቤት፦ ጉንዳን» ይላል። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወደ ሰበታ

ከአየር ጤና በኋላ መንገዱ ተጨናንቆ ታክሲው ዓለም ገና ላይ ቆመ። ጭኔ ላይ ያለው ቦርሳ ባዶ ነው፤ ሄጄ ላመጣው ያሰብኩትን ሳጥን ትቼ፣ ስሜንም ጥዬ መጥቻለሁ። አንገቴ ግን ቀና ብሏል። ለቤዛ «ሽማግሌው ስማቸው ጸዳ። ሳጥኑም ቀረ» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው ደወለች፤ አነሣሁ። በታክሲ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ እስከ ሰበታ ድረስ አወራኋት።

አባልነቱን አልሰረዝኩትም፤ ለማላውቀው ሰው ሁሉ መታየት አልፈልግም። ከዓለም መሸሸግ መብቴ ነው። ያጠፋሁት ከባለቤቱ በመሸሸጌ ነው። ሌላም ያልተስተካከለ ነገር ነበረኝ። የሰበታውን ሳጥን ሳስመዘግብም «ፈቅደዋል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብያለሁ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል

የሱሉልታውን ሳጥን ገጽ ከፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሳጥኑ ባለቤት ጉንዳን ናት። ትክክለኛ ስሟን ለማወቅ የፈለገ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወርዶ ይጠይቅ። መጀመሪያ ግን ሰላምታ።» ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

የሰበታው ሳጥኔ ያለበት ሦስተኛው በር ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ሁለት ዓመት ሳልፈው ሰማያዊ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። አንኳኳሁ። የላስቲክ ጫማ እየተንሸራተተ መጣ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

«እኔ ነኝ» ብዬ ዝም አላልኩም። ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ።